የለሰለሰ አውራ ጣት

የምንኖርበት ፎቅ ግድግዳ ውስጥ የእናቴ የምዝገባ ካርድ አለ። የትኛው ወለል ላይ፣ የትኛው ብሎኬት ውስጥ እንደሆነ አላውቅም፤ ያስገባሁት ግን እኔ ነኝ። ምናልባት የጎረቤት ማድቤት ውስጥ ይሆናል፣ ምናልባት ደረጃው ሥር፣ ምናልባትም ይህን የምጽፍበት ጠረጴዛ የተጠጋው ግድግዳ ውስጥ። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ እናቴን ከሌባ ያዳንኳት መስሎኝ ነበር።

ሌባዋ አክስቴ ነበረች።

ሰፈራችን ከአሮጌ መጋዘኖች ጀርባ፣ ቁልቁለት ላይ የተጠጋጋ የቆርቆሮ ቤት ነበር። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ጎርፉ በጓሮ በር ገብቶ በፊት በር ይወጣል። እኛ ልጆች በውሃው ላይ ነጠላ ጫማ እያንሳፈፍን እንሽቀዳደማለን፣ እናቶቻችን ፍራሽ ተሸክመው ይቆማሉ። ታዲያ አንድ ቀን የሰፈሩ ማኅበር ስብሰባ ጠራና አንድ አበዳሪ ድርጅት ለሃያ አራት ቤተሰብ የሚሆን ፎቅ ለማሠራት ገንዘብ ሊያቀርብ መስማማቱ ተነገረ። ብድሩ በሃያ አምስት ዓመት በጥቂት በጥቂቱ የሚመለስ ነው። ነዋሪው የመጀመሪያ ድርሻውን የሚከፍለው በላቡ ነው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብሎኬት በገዛ እጁ ይሠራል። እናቴ በዚያ ቀን ከስብሰባው ስትመለስ አንስታኝ ዞረች፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ አድርጋኝ አታውቅም።

እናቴ የልብስ ማጠቢያ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ከሥራ እንደወጣች ቤት ሳትገባ በቀጥታ ወደ ግንባታው ቦታ ትሄዳለች፤ እኔም ከትምህርት ቤት ወደዚያው ነኝ። አሸዋውን፣ ጠጠሩንና ሲሚንቶውን በአካፋ ታገላብጣለች፣ ውሃ ጠብ ታደርግበታለች፣ ብረቱ ሻጋታ ውስጥ ሞልታ ትጠቀጥቃለች፣ ከዚያ ትንፋሿን ይዛ ሻጋታውን ታነሳለች። ብሎኬቱ ሳይፈርስ ከቆመ ዞር ብላ ታየኛለች። እኔ ደግሞ ሁሉም ሰው በሠራው ብሎኬት ልክ ቤት የሚደርሰው መስሎኝ፣ የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ ክምር ከእኛ ሲበልጥ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይቃጠላል። «ትንሽ ጨምሪ እንጂ፣ ቤታችን ሊጠብ ነው» እላታለሁ። እናቴ እየሳለች ትስቅና ሌላ ትጨምራለች። እኔ ራሴን ይቅር ማለት ካቃተኝ ነገር አንዱ ይህ ነው፤ ዋናው ግን ይህ አይደለም።

ሳሉ እየበረታ ሄደ። አንድ ቀን ሻጋታውን እንዳነሳች እዚያው ተቀመጠች፣ አልተነሳችምም። የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ስለነበር ጋሽ ሹፌሩ እያልን የምንጠራው ሰው፣ ተሸክሞ ቤት አደረሳት። ሐኪም ቤት ደርሰው ሲመለሱ አዋቂዎቹ በሹክሹክታ ያወሩ ጀመር። ሳንባ፣ ዘግይቷል፣ ከአልጋ እንዳትወርድ የሚሉ ቃላት እየተቆራረጡ ጆሮዬ ገቡ። ዘግይቷል የተባለው ሐኪሙ መስሎኝ ነበር።

አክስቴ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። ሌላ ከተማ ክር ፋብሪካ ውስጥ ትሠራ ነበር። ከእናቴ በአንድ ዓመት ብቻ የምታንስ ታናሽ እህቷ ናት፤ መልካቸው ቁርጥ አንድ ነው። ከኋላ ሳያት እናቴ የተሻላት መስሎኝ ሮጬ አቀፍኳት፣ ዞር ስትል ሌላ ሰው ሆነችብኝ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አኮረፍኳት።

በሦስተኛው ቀን የእናቴን የሥራ ቀሚስ ለብሳ፣ የእናቴን ሰማያዊ ሻሽ አስራ ግንባታው ቦታ ሄደች። ጋሽ ሹፌሩ እንደ ልማዱ ስም እየጠራ ያለውንና የቀረውን ምልክት ያደርጋል። የእናቴን ስም ጠራ።

«አለሁ» አለች አክስቴ።

ሰው ሁሉ ሥራውን ቀጠለ። ሹፌሩ እንኳ ቀና ብሎ አላየም። እኔ ዓይኔን ማመን አቅቶኝ የልብስ ሰፊዋን ቀሚስ ጎተትኩ፣ «እሷኮ እናቴ አይደለችም» አልኳት። ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ ክንዴን በጥፍሯ ቆነጠጠችኝ፤ ቦታው ለሳምንት ጠቁሮ ቆየ። በማግስቱ ሁሉም አክስቴን በእናቴ ስም ይጠሯት ጀመር። በእናቴ ስም ሰላም ይሏታል፣ በእናቴ ስም አካፋ ያቀብሏታል። እናቴ ገና በሕይወት እያለች ሰፈሩ ተማክሮ በሌላ ሰው የተካት መሰለኝ።

አሁን ነገሩን አውቀዋለሁ። ውሉ የሃያ አራቱም ነበር፤ አንድ ቤተሰብ ከወደቀ ለፎቁ የተመደበው ገንዘብ በሙሉ ይያዝና ተራው ለሌላ ሰፈር ይሰጣል። አበዳሪው ለጠና ታማሚ አያበድርም፤ ውሉ ከመፈረሙ በፊትም መርማሪ ልኮ የእያንዳንዱን ተመዝጋቢ አሻራና ካርድ ከመዝገቡ ጋር ያስተያያል። ውሉ ሳይፈረም የሞተ ሰው ቦታም ለልጁ አይተላለፍም። አክስቴ በራሷ ስም እንድትመዘገብ ደግሞ በሰፈሩ አሥር ዓመት መኖር ግድ ነበር። ከወንዙ ማዶ አንድ ማኅበር በአንድ ሰው ምክንያት ፈርሶ ለመሠረቱ የቆፈሩት ጉድጓድ ውሃ ሞልቶበት ቀርቶ ነበር። እኛ ልጆች እንቁራሪት ልንይዝ እንሄድበታለን። ወላጆቻችን ያንን ጉድጓድ በምን ዓይን እንደሚያዩት አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠርኩም።

ለእኔ ያልነገሩኝ አፌ ስለማያርፍ ነው። የጋሽ ሹፌሩ የፊት ጥርሶች ሰው ሠራሽ መሆናቸውን ለባለ ሱቁ ነግሬ ሰፈሩን ለወር ያሳቅሁ ልጅ ነበርኩ። እንዲህ ያለችውን ልጅ ምስጢር ማን ያካፍላታል? በእነሱ አልፈርድም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሥራ አስቆመና ሁላችንም ቤት ዋልን። ቤታችን አንድ ክፍል ሆኖ በመሃሉ መጋረጃ የተጋረደ ነው። እናቴና አክስቴ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋ ላይ ነበሩ፣ እኔ በዚህ በኩል የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ጆሮዬን ጥያለሁ። እናቴ ትጠይቃለች፣ አክስቴ ትመልሳለች። የተወለድሽበት ዓመት፣ እዚህ ሰፈር የገባሽበት ወር፣ የሥራሽ ቦታ። የአክስቴ መልስ ሁሉ የእናቴ ነበር።

«ባልሽ ማን ይባላል?» አለች እናቴ።

አክስቴ ውሃ ላምጣልሽ ወይ አለቻት።

«በይ እንጂ።»

«ያንቺን ባል ባሌ ብዬ ልጥራው?»

«ጥሎኝ የሄደ ሰው ነው፤ አትፈሪው። በይ።»

አክስቴ የአባቴን ስም ጠራች። እናቴ ትንፋሽ እስኪመለስላት ጠበቀችና «ልጅሽስ?» ብላ ጠየቀች። አክስቴ የእኔን ስም ለመጥራት ሁለት ጊዜ ጀምራ ሁለት ጊዜ አቋረጠች፣ በሦስተኛው ስትጠራኝ ሁለቱም አለቀሱ። ደሜ ፈላ። ቀሚሷን፣ ሻሿን፣ ስሟን፣ ባሏን ወሰደች፤ አሁን ደግሞ እኔን ልትወስድ ነው፣ እናቴም አቅም አጥታ እያለቀሰች ታስረክባታለች፤ እኔ የሰማሁት ይህንን ነው። እንዲህ የመሰለ ነገር የሰማ ልጅ ምን ያደርጋል? እኔ እናቴን ላድናት ማልኩ።

በማግስቱ አክስቴን ከብሎኬቱ ክምር ጀርባ ብቻዋን ቁጭ ብላ አገኘኋት። የቀኝ አውራ ጣቷን በደረቀ ብሎኬት ሻካራ ጎን ላይ ታሻለች፤ ቢላ እንደሚስል ሰው ወዲያና ወዲህ። ጣቷ ሲደማ እርጥብ ሲሚንቶ ውስጥ ትነክረውና ጥርሷን ነክሳ ትቆያለች፣ ከዚያ እንደገና ትጀምራለች። ስታየኝ እጇን ቀሚሷ ሥር ደበቀች። ያበደች መሰለኝ፣ ከዚያ በኋላ ከእሷ ጎን መተኛት እምቢ አልኩ። ሲሚንቶ ለወራት የነካው ሰው የጣቱ መስመር ተበልቶ ይጠፋል። የሃያ ሦስቱም ጣት ለስልሶ ነበር። ዘግይታ በመጣችው በአክስቴ ጣት ላይ ብቻ አሻራው ገና ጥርት ያለ ነበር፤ በመዝገቡ ላይ ያለው ደግሞ የእናቴ ነው።

የእናቴ ካርድ ትራሷ ሥር ይቀመጥ ነበር። ፎቶዋ የተለጠፈበት፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ ወፍራም ወረቀት ነው። ለምርመራው ሁለት ቀን ሲቀረው እናቴ ካርዱን አውጥታ ለአክስቴ ስትሰጣት አየሁ። አክስቴ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ ግንባታው ቦታ ላይ ያንን ቀሚስ አውልቃ ሰቅላ በአሮጌ ሸሚዝ ስትሠራ፣ ካርዱን ሰረቅኩና በደረቴ ደብቄ ዞር ዞር አልኩ። የት እንደማደርገው አላሰብኩም ነበር። አንዱ ሻጋታ እስከ ግማሹ ተሞልቶ ባለቤቱ ውሃ ሊቀዳ ሄዶ ነበር። ካርዱን እርጥቡ ሲሚንቶ ውስጥ ጠቀጠቅሁት፣ በላዩ ላይ በእጄ አሸዋና ሲሚንቶ መለስኩበት። ሰውየው ተመልሶ ሞላው፣ ጠቀጠቀው፣ አነሳው። ብሎኬቱ ሳይፈርስ ቆመ። በዚያ ቀን እንደ እኔ የኮራ ሰው አልነበረም።

የምርመራው ጠዋት ቤታችን ተገለባበጠ። ፍራሹ ተነሳ፣ ድስቱ ሳይቀር ተፈተሸ፣ አክስቴ ላብ አጠመቃት። እናቴ ከአልጋ ላይ ሆና «ተረጋጊ፣ ጣትሽን ብቻ ስጪ» ትላታለች። እኔ ዳቦዬን እየበላሁ ደስ ብሎኝ አያቸዋለሁ።

መርማሪው ከአበዳሪው ድርጅት የተላከ፣ ትልቅ ቦርሳ የያዘ ቀጭን ሰው ነበር፤ ልጆች ወዲያው ባለ ቦርሳው አልነው። ከብሎኬቱ ክምር ፊት ለፊት ጠረጴዛ ተዘረጋለት። ሰዎቹ በተራ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀት ላይ አሳረፉ፤ እሱ በማጉያ መነጽር ያያል። ከሁሉም የወጣው ጥቁር ነጥብ ብቻ ነበር። «ሃያ አራት ሰው ይዤ አንድ ጣት አጣሁ» አለ፤ ሰው ሁሉ ከሚገባው በላይ ሳቀ። ከዚያ «በሉ በካርድ እንየው» አለ፤ ተራው አክስቴ ዘንድ ሲደርስ ሳቁ ቆመ።

አክስቴ ካርዱ በጎርፍ እንደጠፋ ነገረችው። ባለ ቦርሳው መዝገቡን ከደነ። አሻራ ከሌለ፣ ካርድም ከሌለ ይህን ቤተሰብ መቀበል እንደማይችል፣ እሱን ካልተቀበለ ደግሞ ሃያ ሦስቱን ይዞ መቀጠል እንደማይችል በተረጋጋ ድምፅ አስረዳ። ክፉ ሰው አልነበረም። ጋሽ ሹፌሩ ሁላችንም እንመሰክራለን ብሎ ተነሳ፣ ሰውየው ግን ለራሳችሁ ቤት ስትሉ የምትሰጡትን ምስክርነት እንዴት ልውሰድ አለው። መዝገቡን መልሶ ገለጠና የስምንት ዓመት ሴት ልጅ እንዳለች አነበበ። ልብስ ሰፊዋ ከኋላ ገፋችኝ።

ባለ ቦርሳው ከወንበሩ ወርዶ በቁመቴ ልክ ተቀመጠ።

«እናትሽ የትኛዋ ናት?»

ዙሪያዬን አየሁ። አዋቂ ሁሉ እኔን ያያል። አንድ ቃል ብቻ ከአፌ ብትወጣ ሌባዋ ትባረራለች፣ እናቴ ስሟን ታገኛለች። እናቴ ቤት ተኝታለች ልል አፌን ስከፍት፣ እናቴ መጣች።

ከቤት እስከዚያ ድረስ ቆርቆሮ ለቆርቆሮ ተደግፋ ነው የመጣችው። የአክስቴን ግራጫ ሹራብ ለብሳለች፣ ሻሽ የላትም፣ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ሮጬ ወገቧ ላይ ልጠመጠም ስል መዳፏን ግንባሬ ላይ አድርጋ አስቆመችኝ።

«ወዴት ነው የምትመጪው? ወደ እናትሽ ሂጂ።»

ባለ ቦርሳው ማን እንደሆነች ጠየቃት።

«እህቷ ነኝ» አለች እናቴ። «ልጠይቃት መጥቼ ታመምኩባት። ልጅቷ ለእኔ ታደላለች እንጂ እናቷስ ያችው ናት።»

ይህን ሁሉ ሳትስል ተናገረችው። እንዴት እንደቻለች ዛሬም አይገባኝም። እኔ የሰማሁት ግን አንድ ነገር ነው፤ እናቴ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ካደችኝ። ላድናት ስለፋ ከረምኩ፣ እሷ ግን በገዛ አፏ ለሌላ ሰጠችኝ። አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ፣ የአክስቴን ቀሚስ ጨመደድኩና ዓይኔን እናቴ ላይ ተክዬ «እማዬ» አልኩ። አልጮህኩም፣ ረገጥ አድርጌ ነው ያልኩት። እንዲያማት ብዬ ነው ያልኩት።

እናቴ ዓይኖቿን ጨፍና ራሷን ነቀነቀች። አገኘኋት ብዬ ደስ አለኝ። ዛሬ እናቴ ያኔ ከነበረችበት ዕድሜ አልፌያለሁ፣ የራስ መነቅነቁ ጎበዝ ማለት እንደነበር አውቃለሁ። ባለ ቦርሳው ጻፈ። ጋሽ ሹፌሩ ፊቱን ወደ ብሎኬቱ ክምር አዞረ።

ከዚያ በኋላ እናቴ አሥራ አንድ ቀን ኖረች። በአሥራ አንዱም ቀን አላናገርኳትም። ከመጋረጃው ጀርባ በስሜ ትጠራኛለች፣ እኔ ያልሰማሁ መስዬ ደብተሬ ላይ እሥላለሁ። አክስቴ ለመነችኝ፣ ተቆጣችኝ፣ በመጨረሻ እግሬ ሥር ተንበርክካ «አንድ ጊዜ ብቻ ግቢላት» አለችኝ። እኔ ምን እንዳልኳት አስታውሳለሁ። «እናቴ አንቺ ነሽ አይደል?» አልኳት። ከመጋረጃው ጀርባ መስማቷን አውቄ ነው ያልኩት። በአሥራ አንደኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ውጭ ጎርፍ ላይ ጫማ ሳንሳፍፍ ጠሩኝ፤ ስደርስ ፊቷን ሸፍነውት ነበር።

የሞት ወረቀቱ ላይ የአክስቴ ስም ተጻፈ። መቃብሩ ላይ የቆመው እንጨት ላይም የአክስቴ ስም ተጻፈ። ጎረቤቶች በእናቴ ሬሳ ላይ በአክስቴ ስም አለቀሱ፣ አክስቴም ከፊት ቆማ የራሷን ስም እየጠራች አለቀሰች። እኔ ደግሞ ለአክስቴ ያልኳት ያቺ «እማዬ» የምትል ቃል የገደለቻት መስሎኝ አንድም እንባ አልወጣኝም።

ፎቁ በሁለተኛው ዓመት አለቀ፣ ሦስተኛ ወለል ላይ ሁለት ክፍል ደረሰን። አክስቴ ወደ ከተማዋ አልተመለሰችም፤ እዚያ ሞታለች። ሥራዋ፣ ወዳጆቿ፣ ሊያገባት ይጠብቅ የነበረው የፋብሪካው መካኒክ፣ ሁሉም ቁርጣቸውን አውቀው ነበር። ብሎኬት መሥራት ካቆመች በኋላ የጣቷ መስመሮች ቀስ በቀስ ተመለሱ። ስለዚህ በየወሩ ብድሩን ልትከፍልና ልትፈርም ስትሄድ አውራ ጣቷን በደረጃው ግድግዳ ላይ ታሻለች። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሲሚንቶው የጎደጎደበት ቦታ አለ፤ የጎረቤት ልጆች እኛ ነን ያደረግነው ብለው ይኩራሩበታል።

እውነቱን የነገረችኝ በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። እኔም ካርዱን የት እንዳደረግሁት ነገርኳት። ካርዱ ቢኖር ኖሮ እኔ አልጠየቅም፣ እናቴም ከአልጋ አትነሳም ነበር፤ ይህን ለማስላት አዋቂ መሆን አያስፈልግም። አክስቴ፣ ሰውየው ካርዱ ቢኖርም አንቺን መጠየቁ አይቀርም ነበር አለችኝ። መዋሸት አትችልበትም፤ በዕድሜዋ ሙሉ የዋሸችው አንድ ውሸት ብቻ ነው፣ እሱንም እናቴ ናት ያስጠናቻት። በሰው ፊት እማዬ እላታለሁ፣ በር ሲዘጋ አክስቴ ትሆናለች። ሠላሳ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። አንድ ቀን እንኳ ቤት ውስጥ እማዬ በይኝ አላለችም፣ እኔም አላልኳትም።

የዛሬ ሦስት ሳምንት አረፈች። ከመሞቷ በፊት እጄን ይዛ «ስሜን እንዳትመልሺልኝ፣ ቤቱን ይዞብሽ ይሄዳል» አለችኝ። ብድሩ አልቋል፣ የቤቱ ካርታ ግን በእናቴ ስም ነው፤ የምወርሰው የሞተችው እናቴ ከሆነች ብቻ ነው። ሁለቱ እህትማማቾች አንዷ በሌላዋ ስም ተኝተው ሊቀሩ ነው፣ እኔ በሕይወት እስካለሁ ላስተካክለው አልችልም።

የሞት ምዝገባው ቢሮ ውስጥ አንድ ወጣት ጸሐፊ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጧል። የሟችን ስም ጠየቀኝ፣ የእናቴን ስም ነገርኩት። ጻፈ። እህት ወንድም ነበራት ወይ አለኝ። አንዲት እህት ነበረቻት፣ ቤቱ ሳያልቅ ሞተች አልኩት። እሱንም ጻፈ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«እርስዎ ለሟች ምኗ ነዎት?»

የምለውን ከቤት አጥንቼ ነው የመጣሁት፤ በወረቀቱ ልክ የተሰፋ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። አፌን ስከፍት ግን ብሎኬት ላይ የሚታሽ አንድ አውራ ጣት ታየኝና ያጠናሁት ጠፋብኝ።

«እናቴ ናት» አልኩት። ከዚያ ማልቀስ ጀመርኩ፣ ጸሐፊውም ብዕሩን አስቀምጦ እስክጨርስ ጠበቀኝ።